ምድር ቤቱን ቤት ስናደርግ

ቤቱን የሰጠን ቀበሌው ነው። በዚያ ዘመን ኮልፌ ላይ የቀበሌ ቤት ማግኘት ዕጣ እንደ መውጣት ነበር፤ እኛ ቁልፉን ስንቀበል ግን አንድ ሰው እንኳ «እንኳን ደስ አላችሁ» አላለንም። የምንለቅላቸው አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ። ዕቃዬን ስሰበስብ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«የላይኛውን ነው የታችኛውን የሰጧችሁ?» አሉኝ።

«የታችኛውን።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ቆይተው ሆዴን አዩና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብቻ ብለውኝ ገቡ።

ቤቱ የድንጋይ ቤት ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ ሀብታም ነጋዴ ተዳፋት ላይ ያሠሩት በመሆኑ ከመንገዱ በኩል ሲያዩት ተራ ቤት ይመስላል፤ ከወንዙ በኩል ሲመጡ ግን ከሥሩ ሌላ ክፍል አለው፣ ግማሹ አፈር ውስጥ የገባ። ነጋዴው እህልና ማር ያስቀምጡበት ነበር አሉ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ላዩን ቢሮ፣ ሥሩን ደግሞ በቀይ ሽብር ጊዜ እስር ቤት አደረገው። በኋላ ቀበሌው ሌላ ቢሮ ሠርቶ ሲወጣ ላዩ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሆነ። ሥሩ ተቆልፎ ዓመታት ተቀመጠ፤ ከዚያ ለእኛ ተሰጠ።

እያወቅን ነው የተቀበልነው። የአከራያችን ልጅ ከጦር ሜዳ ቆስሎ ተመልሶ ስለነበር ክፍሏን ለእሱ ፈለጓት። ባለቤቴ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። ልጅ ሊመጣ ነው። «አንፈልግም» ብንል ሌላ ቤት የሚሰጠን አልነበረም፤ አንፈልግም ያልንበትን ምክንያት መናገርም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የገባን ቀን የብረቱ በር አልከፈት ብሎ ባለቤቴ በትከሻው ገፋው። እርጥብ አፈር ሸተተኝ። እርጥብ አፈር ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ወለሉ አፈር ነው፤ በጀርባው ግድግዳ በኩል ውኃ እየሰረገ ጥግ ላይ ረግቷል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ ጀርባውና ራሱ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ፣ ግድግዳውን ዙሪያውን ጥቁር ቅባታም መስመር ይዞረዋል። ቦታ ቦታ ላይ ይደምቃል፤ ቦታ ቦታ ላይ ይሳሳል። የደመቀበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው ብዙ የተቀመጠበት ነው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካውና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ምንድን ነው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ቆሻሻ ነው» አለኝ። ቆየና ደግሞ፣ «ስሚኝ፤ ይኼን ቤት ኖራ ቀብተን አንገባበትም። ከገባን ከመሠረቱ ቤት አድርገነው ነው። የሚበረክት ቤት።»

ከጋራዡ ሠፈር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት።

«ይኼን ቤት አውቀዋለሁ» አሉ። ከየት እንደሚያውቁት አልጠየቅናቸውም። ማን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ትተን ነበር።

ሥራው ከውጭ ተጀመረ። «ውኃው ከደጅ ካልተመለሰ ውስጡን በወርቅ ብትለስኑት ዋጋ የለውም» አሉ ግንበኛው። ከቤቱ ኋላ፣ ከተዳፋቱ በኩል፣ ግድግዳው እስከ እግሩ እስኪታይ ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ። ባለቤቴ ጠዋት ከሥራ በፊትና እሑድ ይቆፍራል፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ። የግድግዳውን ጀርባ በሲሚንቶ ለስነው ሬንጅ ቀቡት። ቦዩን በድንጋይና በጠጠር ሞልተው ውኃው ዞሮ ወደ ወንዙ እንዲወርድ አደረጉት። ሲሚንቶ በዚያ ጊዜ እንደ መድኃኒት የሚፈለግ ነገር ነበርና ባለቤቴ ከየትም ከየትም እየለመነ በትንሽ በትንሹ ያመጣል። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፤ ምሳ አቀርባለሁ። ወደ ውስጥ ግን አልገባም ነበር። ደጅ ዛፍ ሥር የስፌት መኪናዬን ተክዬ እሰፋለሁ፤ ከላይ መሠረተ ትምህርት የሚማሩት ጎልማሶች አንድ ላይ ፊደል ሲቆጥሩ ይሰማኛል። አንዳንዴ ድምፃቸው ከሥር የመጣ ይመስለኝና መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

የውጭው ሲያልቅ ወደ ውስጥ ተገባ። የጎን ግድግዳው ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ነበር። ከውስጥ ከሰው ራስ በላይ ነው፤ ከውጭ ሲሆን ግን ጉልበት ጋ ይደርሳል፣ መሬቱ ከፍ ስለሚል። ባለቤቴ «ይኼ ይከፈት፤ ልጅ የሚያድግበት ቤት ነው» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሁላችንም አለን። ግንበኛው ከውጭ በኩል ተንበርክከው መሮና መዶሻቸውን አነሱ። ግን አልመቱም።

«የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ከቤቴ ወስደው ነው ያመጡኝ። ጠብመንጃ የያዘ ልጅ አጠገቤ ቆሟል፤ የልጄ እኩያ። ሰዎቹ ውስጥ እንዳሉ አላውቅም ነበር። የመጨረሻውን ድንጋይ ሳነሳ ከውስጥ አንድ ድምፅ 'አባባ፣ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉልን' አለኝ። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ተዉላቸው?» አለ ባለቤቴ።

ግንበኛው መሮውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው መምታት ጀመሩ። ሲያፈርሱ ቆሜ አየሁ። ሲሚንቶው በድንጋዮቹ መሀል ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ መርፌ የምታስገባ ክፍተት አልነበረችም። ጠንካራ፣ የእጅ ባለሙያ ሥራ። እሳቸውም ሲያፈርሱት ብዙ ደከሙ።

መስኮቱ ሲከፈት የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ፣ ያ ጥቁር መስመር ላይ አረፈች። እኔ ዞሬ ሄድኩ።

አንዲት ሴትዮ የመጡት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በመንገዱ ያልፋሉ፤ መስኮቱ መከፈቱን አይተዋል። በአበባ ያጌጠ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ልጆቻቸው በዚያ ጊዜ የተገደሉባቸው እናቶች ጥቁር እንዳይለብሱ ስለተከለከሉ እንዲህ ያለ ቀሚስ ለብሰው የሚሄዱ ሴቶችን እናውቃለን፤ ሳይነግሩን እናውቃቸዋለን። ባለቤቴ በዚያ ቀን ከሥራ ቀርቶ ከግንበኛው ጋር ልስን ይፍቃል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው እጅ ነሱ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» አሉ። «ልጄ እዚህ ነበር። ላስቸግራችሁ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ይግቡ፣ እማማ» አልኳቸው። ከልማድ ነው እንጂ ወደዚያ ክፍል ግቡ ብዬ የምጋብዛቸው እናት አልነበሩም።

አልገቡም። በሩ ላይ እንደቆሙ መስኮቱን እያዩ፣ «ይኼ ያኔም ክፍት ነበር?» አሉ። «ልጄ ጨለማ አይወድም ነበር። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ፣ ማታ ወደ ጓሮ ሲወጣ ሻማ ይዞ ነው። እኅቶቹ ይስቁበት ነበር። ምግብ ሳመጣ እዚች በር ላይ ይቀበሉኛል፤ ውስጡን አላየሁትም። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን እንደሞላ መለሱልኝና 'ከእንግዲህ አታምጪ' አሉኝ። በቃ። ሌላ ነገር አልጠይቅም፤ ብርሃን ያይ እንደነበር ብቻ ነው።»

ባለቤቴ የሚፍቅበትን ብረት ይዞ ቀረ። ግንበኛው ከቆሙበት በርሜል ላይ ወርደው መጡ፤ ፊታቸው በአቧራ ነጥቷል።

«እመቤቴ» አሉ፣ «መስኮቱን ያኔ የደፈንኩት እኔ ነኝ። አስገድደውኝ ነው። ግን ቀዳዳ ትቼላቸዋለሁ።» ጡጫቸውን ጨብጠው አሳዩአቸው። «ይህችን ታህላለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእሷ ትገባ ነበር።»

ሴትዮዋ እንደዚያ አቧራ የሞላውን እጅ ያዙና ሳሙት። ግንበኛው እጃቸውን ሊነጥቁ ቢሞክሩም ሴትዮዋ አለቀቋቸውም። ባለቤቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። እኔም መሬት አየሁ። ከእኛ ከሦስታችን በቀር ያንን ግንብ ያየው የለም።

በማግስቱ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ። ባለቤቴ ሥራ ሄዷል፤ ግንበኛው ውጭ ለበሩ ደረጃ የሚሆን ድንጋይ ይጠርባሉ። ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ አልቅሼለት አላውቅም» አሉኝ።

«እንዴት ማለትዎ ነው፣ እማማ?»

«ያኔ ድምፅ ያሰማች ትታሰራለች ተባልን። ቤቴ የጭቃ ነው፤ ጎረቤቴ አብዮት ጥበቃ ነው። ትራስ ነክሼ ነው የከረምኩት። ከዚያ ደግሞ እንባው ራሱ እምቢ አለኝ። እዚህ መሬት ውስጥ ስለሆነ ድምፅ አይወጣም ብዬ ነው። እሱም የነበረው እዚህ ነው። ትንሽ ጊዜ ብቻ ትፈቅጂልኝ?»

ፈራሁ። አልደብቅም፣ በጣም ፈራሁ። ከላይ የመሠረተ ትምህርት ክፍል አለ፤ የቀበሌ ጥበቃዎች በየሰዓቱ ያልፋሉ። ቤቱን ሊነጥቁን ይችላሉ፤ ከዚያም የባሰ ሊያደርጉ ይችላሉ። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ግንበኛው ከተቀመጡበት፣ ቀና ሳይሉ፣

«ግቡ» አሉ። «እኔ ድንጋይ እጠርባለሁ።»

መስኮቱ ገና መስታወት አልገባለትም። ባለቤቴ የበየደው የብረት ክፈፍ ብቻ ነው ያለው። ደጅ ከተከመረው ዕቃችን ፍራሹን አምጥቼ ወተፍኩበት፤ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። እንደገና ጨለመ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከክፍሉ መሀል ቆሙ። ውጭ መዶሻው ሲጀምር ሰማሁ፤ ከወትሮው ይልቅ ኃይለኛ፣ ያለ ፋታ።

እንደዚያ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጩኸት አልነበረም መጀመሪያ። የልጃቸውን ስም ጠሩት፤ ቀስ ብለው፣ ለምሳ እንደሚጠሩት። ከዚያ ደግመው ጠሩት። ከዚያ የለመድነው የሸዋ ሙሾ መጣ፤ ደረታቸውን እየደቁ ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ አረማመዱን፣ ሻማ ይዞ ወደ ጓሮ መውጣቱን ሁሉ በግጥም አወረዱት። ዓመታት ሲሰናዳ የኖረ ግጥም ነበር። ድምፃቸው ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፤ ብዙ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ከእኛ ሌላ ሰው እንዳለ ሆኖ ተሰማኝ። ዞሬ ማየት አልቻልኩም።

መዶሻው ቀጥ አለ።

«ማነው ውስጥ የሚጮኸው?» የወጣት ድምፅ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ። ከፍራሹ ጠርዝ በታች የቦት ጫማ ጥላ አየሁ።

«የቤቱ እመቤት ነፍሰ ጡር ናት» አሉ ግንበኛው፣ ተረጋግተው። «ሆዷን አሟታል። ሴት ገብታላታለች።»

«እንዲህ ያስጮኻል?»

«አንተንም እናትህ እንዲህ ሆና ነው የወለደችህ።»

ሴትዮዋ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው ወደ እኔ አዩ። ጥላው አልሄደም። ያኔ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ማቃሰት ጀመርኩ። «እናቴን! እናቴን!» እያልኩ። ለማስመሰል ነው የጀመርኩት። ግን ጀርባዬ የተደገፈው ያ ገና ያልተፋቀ ግድግዳ እንደሆነ፣ ራሴም ከነዚያ ከደመቁት ቦታዎች በአንዱ ላይ እንዳረፈ ሲገባኝ ድምፄ ሌላ ሆነ። ላቆመው ብል አልቆም አለኝ። ሴትዮዋ መጥተው ታቀፉኝ፤ እሳቸው እኔን «አይዞሽ» ይሉኛል። ጥላው መቼ እንደሄደ አላየሁም። መዶሻው እንደገና ሲጀምር ነው ያወቅሁት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሰማኝና፣ «ልስኑን ነገ እንጨርሰው» አለ። የተፋቀውን ልስን ወንዝ ውስጥ መጣል እሱም ግንበኛውም አልፈለጉም፤ በጆንያ አድርገው ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቀበሩት።

ከዚያ ሥራው ፈጠነ። ግድግዳው ድንጋዩ እስኪታይ ተፍቆ በሲሚንቶ ተለሰነ። ወለሉ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ጠጠር ተደልድሎበት፣ ሊሾ ሆነ። ግንበኛው ቀይ ቀለም እንቀላቅልበት ሲሉ «እንደ ሲሚንቶው ይሁን» አልኳቸው፤ አልተከራከሩኝም። መስኮቱ ላይ የሌባ መከላከያ ይግባ አይግባ በሚለው ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። በያጅ ነው፤ መስኮት ያለ ፍርግርግ አይዋጥለትም። እኔ ግን ሌባ ይግባ እንጂ ብረት አይገባበትም አልኩ። መስታወት ብቻ ሆነ።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ውኃው በቦዩ ዞሮ ሲሄድ ሰማን። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት መዳፉን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ «ደረቅ ነው» ይለኛል። እውነትም ደረቅ ነበር። ኖራው ነጭ ነው፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ብርድ የለውም። የሚያየን ሁሉ ቤታችንን አደነቀ። እኔ ግን መስመሩ በኖራው ላይ የታየኝ ብዙ ጊዜ ነው። እጄን እሰድዳለሁ፤ ምንም የለም። ልጃችን ተወልዳ ስትድህ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ አልጋችን፣ ወንበሮቻችን፣ ሣጥናችን ሳይቀር ሁሉም ከግድግዳው ራቅ ብለው ነው የቆሙት። ማን እንዳራቃቸው አላውቅም። ባለቤቴም እኔም ተደግፈን ተቀምጠን አናውቅም። ልጅቷ ግን ሄዳ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አሻንጉሊቷን ታጫውታለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እየሮጥኩ አነሣት ነበር። በኋላ ተውኳት።

ሴትዮዋ ክርስትና እናቷ ሆኑ። በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ልጅቷን አዝለው መስኮቱ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኛ ቤት ዳግመኛ አላለቀሱም። ስለ ልጃቸውም እምብዛም አያወሩም።

ግንበኛው የሞቱት ልጃችን ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ነው። ቀብራቸው ላይ ሴትዮዋ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። የግንበኛው ዘመዶች ግራ ገብቷቸው፣ «ምን ይሆኑዎታል?» ብለው ጠየቋቸው።

«ለልጄ ብርሃን የተወለት ሰው ነው» አሉ።

ባለቤቴ ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። አንዳንድ ጊዜ ሴትዮዋ እውነቱን እንዳወቁ ይመስለኛል። የመስኮቱ ግንብ እንዴት እንደነበረ አንድ ቀን እንኳ እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ከባለቤቴና ከእኔ ሌላ የሚጠይቁት ሰው ሳይኖራቸው።

መንግሥት ሲለወጥ ሴትዮዋ ጥቁር ለበሱ። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ልቅሶ ተቀመጡ። ሬሳ የለም፣ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ያኔ በመንገድ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩ ሁሉ መጡ፤ ያ የአብዮት ጥበቃው ጎረቤታቸው እንኳ መጥቶ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ማንም አላስነሣውም። እኔ ወጥ ሠርቼ ሄድኩ፤ ልጄ ለእንግዶች እጅ አስታጠበች። ሴቶቹ አለቀሱ፤ እሳቸው ግን እየዞሩ «ብሉ፣ አልበላችሁም» ይላሉ።

ሲመሽ ሰዉ ተበተነ። ሳህኖቹን አጥበን ስንጨርስ እንዲገቡ ለመንኳቸው፤ ብርድ ነው አልኳቸው። «ዛሬ እዚሁ ነኝ» ብለው ድንኳኑ ውስጥ ሰሌን ላይ ጋደም አሉ። ጋቢ አለበስኳቸው። ልጄ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ለአፍታ የሚያነጋግሩን መስሎን ጠበቅን፤ ትንፋሻቸው ከበድ እያለ ሄደና እንቅልፍ ወሰዳቸው።